የተራ ማሽኑ መመሪያ

አጎት ዓብዱ በስልክ «አትመጣም፤ ለሌላ ሰው ስጡት» ሲሉ ነዋል ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ስለ እሷ እንደሚያወሩ ለመረዳት ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። በእሑድ ጠዋት ከኮምቦልቻ የሚደውል ሰው ሥራ ያገኘላት ሸምሱ ብቻ ነው፤ ሸምሱ የሚደውለው ስለ ሥራው ነው፤ ሥራው ደግሞ ነገ ሰኞ ይጀመራል። የእሷ ስልክ ባትሪ አልይዝ ስላላት የአጎቷን ቁጥር የሰጠችው ራሷ ነች። አፏ በአረፋ ተሞልቷል። ተፍታ ልትናገር አሰበች፤ ነገር ግን አጎቷ ዞር ብለው ሲያዩዋት ደነገጠችና አረፋውን እንዳለ ዋጠችው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ አጎት ዓብዱ።

«የጥርስ ሳሙና ዋጥኩ።»

«እሱን አትዋጪው እንጂ። በይ ቶሎ ልበሽ፤ የሰንበቴ ገበያ ነው፤ መኪናው ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ተሰልፏል።»

ስልኩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ የኪሱን ቁልፍ ቆልፈው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ወደ ሳሎን ገቡ። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ማቀዝቀዣው ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ስለቆመ፣ የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩን ማንሳት አለበት። ሶፋው ከተገዛ ሁለት ረመዳን ቢያልፈውም የመጣበትን ላስቲክ ስላላወለቁለት፣ ቁርስ ላይ ዝምታ በሆነ ቁጥር የሚሰማው የሰው ዝምታ ሳይሆን የላስቲክ መንሿሿት ነው። በዚያን ጠዋት ብዙ ተንሿሿ። ከጎን ካለው ቤቷ ለቁርስ የምትመጣው የአጎት ዓብዱ እህት፣ ነዋል በኦሮምኛ አዳዳ፣ አክስቴ፣ የምትላት ሙሚና፣ ባለ አንድ ብሩን ዳቦ በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «ይሄ ዳቦ ነው ወይስ የካፖርት ቁልፍ?» አለች። ነዋል ሻይዋን ፉት ብላ ስታገሳ ሚንት ሚንት አላት።

ነዋል ዓይናፋር ነች። ደሴ ኮሌጅ ሳለች እንኳ መምህሩ ሲጠይቃት መልሱን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ታቀብለው ነበር እንጂ አፍ አውጥታ አትናገርም። ገበታ ላይ አጎቷን የተቃወመችበት ቀን ትዝ አይላትም። የዛሬው ግን ሌላ ነበር፤ የዋጠችው ሳሙና ሆዷ ውስጥ አረፋ እየሠራ፣ አረፋው ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየመጣ፣ ይኸው መጥቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ።

«አጎቴ፣ አትመጣም ያሉት እኔን ነው?»

አጎት ዓብዱ ሻያቸውን በማንኪያ አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «አንቺን ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ከሄድሽ ያንን ማሽን ማን ይነካዋል? ወደ ድሮው ልንመለስ ነው? የሹፌሩ የኸይሩ ጥርስ የወለቀው እኮ ለአንድ ተራ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። አጎት ዓብዱ የከሚሴ ሚኒባስ ባለንብረቶች ሊቀመንበር ናቸው። ነዋል ከኮሌጅ እስክትመለስ ድረስ በመናኸሪያው ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚጭን የሚወሰነው በጩኸት ነበር፤ ጩኸት ያልወሰነውን ደግሞ ክርን ይወስነዋል። እሷ ማኅበሩ ከደሴ በስጦታ ያገኘውን አሮጌ ኮምፒውተር ጠርጋ፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ በጽሑፍ ብቻ የሚታዘዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሠራችለት። ትእዛዞቹ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ ስለሚጻፉ ስማቸውን በኦሮምኛ አወጣችላቸው። «ገልቺ» ብለው ታርጋና የሹፌር ስም ሲጽፉ መኪናው ሰልፍ ይገባል። «ዋሚ» ሲሉት ባለ ተራውን ይጠራል። «ደበርሲ» ያልደረሰውን ሹፌር ያሳልፋል፤ «ባሲ» ደግሞ ከሰልፍ ያወጣል። ማሽኑ የማይገባው ነገር ሲመጣበት «ሂን ቤኩ» ይላል፤ አላውቅም ማለቱ ነው። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ተጠራጠሩ፤ በኋላ ግን ማሽኑ ዘመድ እንደሌለው ሲረዱ ወደዱት። ችግሩ፣ ከነዋል በቀር የሚነካው ሰው ጠፋ። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ጣቱን አንስቶ «ነዋል፣ ነይማ» ይላል፤ እሷም ትመጣለች፤ መጥታም ትሠራለታለች።

«መመሪያ ጽፌያለሁ» አለች ነዋል።

«የቱን መመሪያ?»

«ከቀን መቁጠሪያው ሥር የተሰቀለውን።»

አጎት ዓብዱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እሱ መመሪያ ነው? እኔ የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር።»

ነዋል ፊቷ ጋለ። ያንን ገጽ ከምንም በላይ የምትወደው እሷ ነች። ኮሌጅ ሳለች ከተማረችው ሁሉ ልቧን የወሰደው ፕሮግራም መሥራቱ አልነበረም፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጀርባ ተቀምጦ የሚጠብቀው የመመሪያ ገጽ ነበር። ስሙን ስትጽፍለት ገጹ ይመጣል፤ ሁሌም በአንድ ዓይነት አደራደር። መጀመሪያ ስም፣ አጠገቡም ምን እንደሚሠራ በአንዲት አጭር ሐረግ። ከዚያ አጻጻፍ፣ ማብራሪያ፣ ምሳሌ። መጨረሻ ላይ «ጉድለቶች» የሚል ክፍል አለ፤ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው «እዚህ ጋ አይሠራም፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም» ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል። ነዋል ይህንን ስታነብ በሕይወቷ ካወቀቻቸው ሰዎች አንዱ ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ ያውቅ እንደሆነ አሰበች፤ አልተገኘም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ በልቧ ወደ መመሪያ ገጽ መለወጥ ልማዷ ሆነ። ማቀዝቀዣ — ያቀዘቅዛል፤ ጉድለቶች፦ እግር ያስነሳል። አጎት ዓብዱ — ይቆጣሉ፣ ከዚያ ይበላሉ፤ ጉድለቶች፦ በመካከሉ ምንም አይሉም።

«እኔ አንድ ቃል ሳልናገር» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ «ሌላ ሰው ያንን ወረቀት አንብቦ ማሽኑን ካሠራው እሄዳለሁ። ካልሠራው እቀራለሁ።»

«ማነው ሌላ ሰው?»

«እኔ» አለች አዳዳ ሙሚና፣ የካፖርት ቁልፉን እያላመጠች።

አጎት ዓብዱ ሳቁ። ሶፋውም አብሯቸው ተንሿሿ። እህታቸውን ያውቋታል። አዳዳ ሙሚና በመናኸሪያው ቢሮ መስኮት ላይ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ከማሽኑ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እየዋለችም አንድም ቀን ፊቷን አዙራለት አታውቅም፤ ጎኗ ባዕድ ወንድ እንደተቀመጠባት ሴት ሻሽዋን አስተካክላ ትቀመጣለች። ደግሞም የተነገራትን ነገር እንደተነገራት ነው የምታደርገው። «ለብቻው ይታጠብ» የተባለላትን ቀሚስ፣ ሰው ሁሉ ከግቢ እስኪወጣ ጠብቃ ያጠበች ሴት ነች። አጎት ዓብዱ ከዚህ የቀለለ ውርርድ ገጥሟቸው አያውቅም። «እሺ» አሉ፤ «ከዙህር ሶላት በኋላ። አንቺ አፍሽን ትይዣለሽ፤ ማሳልም የለም።»

ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ ነዋል የአክስቷን ስልክ ተቀብላ ለሸምሱ ደወለች። ሸምሱ የሥራውን ቦታ የምትጠብቅ ሌላም ልጅ እንዳለች ነግሮ «እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እጠብቅሻለሁ፤ አዛን ካለ ግን ለሷ እደውላለሁ፤ አትቀየሚኝ» አላት። ነዋል አልተቀየመችውም። በአስፋልቱ ዳር ከጨፋ የመጡ ጋሪዎች የማሽላ ጆንያ ጭነው ይተራመሳሉ፤ ሳምቡሳ ሻጮቹ ከወዲሁ ዘይት አግለዋል። አዳዳ ሙሚና አንድ ሳምቡሳ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠቻትና «አንብቤ የማልጨርሰው ነገር የለም እኔ» አለቻት። «የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ ታች ነው የማነበው። ፋብሪካው የት እንዳለ ሁሉ አውቃለሁ።»

የመናኸሪያው ቢሮ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ጠዋት ያንቀጠቅጣል፣ ከሰዓት ይጠብሳል። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ማሽኑ፣ ከማሽኑ አጠገብ አንገቱ የሚጣመም ማይክ፣ ውጭ ግንድ ላይ ደግሞ የማይኩ ሞንታርቦ። ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ለሥዕሉ ሲባል እንደተሰቀለ ቀርቷል፤ ከሥሩ በላስቲክ የተለበጠው የነዋል መመሪያ በአንድ ምስማር ተንጠልጥሏል። ጠዋቱን ነዋል እንደወትሮዋ ሠራች። አሥራ ሁለት ብር ከፍለው ሰንበቴ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች በመስኮቱ ተጋፉ፤ ሚኒባሶቹ በየተራቸው እየተጠሩ ፍየልም ሰውም ጭነው ወጡ። ወሬው ግን ቀድሟት ተሰራጭቷል። ከዙህር በኋላ ወደ ቢሮው ሲመለሱ ከሰንበቴ የደረሱ ሹፌሮች ሁሉ መኪናቸውን ትተው መስኮቱ ላይ ተኮልኩለው ጠበቋቸው። ከሁሉም ፊት፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ በጎደለችው ጥርሱ በኩል ቀንበጥ አጣብቆ የቆመው ኸይሩ ነው።

«አዳዳ፣ አከም ዋልታን» ብሎ ሰላም አላት። «ዛሬ ፓይለት ሆንሽ አሉ።»

«አንተ ቲኬት የምትቆርጥ ከሆነ ቁረጥ፤ ካልሆነ ብርሃን ልቀቅ» አለች አዳዳ ሙሚና።

ወንበሩን ጠረገችው። መመሪያውን ከምስማሩ አውርዳ ከፊቷ አቆመችው። አጎት ዓብዱ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ ነዋል ከኋላ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና የሻሽዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። አዳዳ ሙሚና ማንኛውንም ነገር ጮክ ብላ ነው የምታነበው፤ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሯት መምህር እንዲያ አስለምዷታል። «ከላይ ይጀምሩ» ብላ አነበበች፤ «የተጻፈውን ትእዛዝ በፊደል ሰሌዳው ላይ ይጻፉና ሰፊውን ኢንተር የሚል ቁልፍ ይጫኑ።» ነዋል ልቧ ዘለለ። ያንን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሳምንት ስታስተካክለው ነበር፤ በሰው አፍ ሲነገር ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምንም አልጎደለውም።

አዳዳ ሙሚና ወደ ወረቀቱ አናት ተመለሰች። ከላይ ይጀምሩ ተብሏላ። ወረቀቱ አናት ላይ፣ ነዋል ከልጅነቷ ጀምሮ በጻፈችው ወረቀት ሁሉ ላይ እንደምታደርገው፣ መሃል ላይ በደማቁ «ቢስሚላህ» ይላል። አዳዳ ሙሚና በአፏ አለችው፤ ቀጥላም በአንድ ጣቷ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያደነች፣ በቁቤ ጻፈችው። ነዋል የሻሿን ጫፍ የባሰ ነከሰች። አክስቷ ሰፊውን ቁልፍ ተጫነች።

«ሂን ቤኩ» አለ ማሽኑ።

አዳዳ ሙሚና ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ፣ ለዓመታት ጎኗ የተቀመጠው ያ ባዕድ ወንድ ማንነቱን ዛሬ እንደገለጠባት ሴት አየችው።

«አላውቅም አለ» አለች። «ቢስሚላህን አላውቅም አለ።»

«አዑዙ ቢላህ» አለ ከመስኮቱ አንድ ድምፅ።

«እኔኮ ድሮም ሲያስቀድመኝ ጠርጥሬው ነበር» አለ ኸይሩ።

«አትሳቅ አንተ። ይሄ የሚሳቅበት ነገር አይደለም።» አዳዳ ሙሚና እጇን ከፊደል ሰሌዳው አነሳች። «ቢስሚላህ ሲሉት አላውቅም ከሚል ዕቃ ጋር እኔ ምን ሥራ አለኝ? ዓብዱ፣ ይሄ ነገር ሲሠራ የኖረው እንዴት ነው? መኪኖቻችን በዚህ ነው ሲወጡ የኖሩት?»

ነዋል መናገር ፈለገች። ማሽኑ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ እንደሆነ፣ የቢስሚላህ ጉዳይ በሰውና በጌታው መካከል እንደሆነ፣ ያ መስመር ለወረቀቱ እንጂ ለማሽኑ እንዳልተጻፈ፣ ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ልትላት ፈለገች። አጎት ዓብዱ ጣታቸውን አነሱ። የነዋል አፍ ተከፍቶ ተዘጋ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባትና የቱን መያዝ እንዳለባት ጠፋት።

«አየሽ?» አሉ አጎት ዓብዱ፤ ድምፃቸው እንዳሰቡት የድል ድምፅ አልሆነም። «አበቃ። ተነሽ ሙሚና፤ ነዋል ትቀመጥበት።»

ነዋል ተቀመጠች። ዋሚ፣ ዋሚ፣ ገልቺ፣ ዋሚ። ጣቶቿ ራሳቸውን ችለው ሲሠሩ ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ከቀረው መመሪያ አልተነሳም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ያችን አንዲት ቃል በእስክሪብቶ ሰርዞ አክስትን እንደገና ማስቀመጥ። እስክሪብቶውን አንስታ ወደ ወረቀቱ አስጠጋችው። ቢስሚላህን መሰረዝ። እጇ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ብትሰርዘውስ ምን ይጠቅማል፤ አዳዳ ሙሚና ተጻፈም አልተጻፈም ትለዋለች፤ ቲኬት ስትቆርጥ ትለዋለች፤ ያንን ዳቦ ስትበላም ብላዋለች። እዚህ መናኸሪያ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ሳይለው የሚወጣ ሹፌር የለም፤ ኸይሩም ቢሆን ቀንበጡን አውጥቶ ይለዋል። ነዋል እስክሪብቶውን አስቀመጠች። የመመሪያ ገጽ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነገር ሲናገርና ፕሮግራሙ ደግሞ አላውቅም ሲል፣ ስህተቱ የገጹ አይደለም። የፕሮግራሙ ነው። ጉድለቱ ያለው እሷ ከጻፈችው ሳይሆን እሷ ከረሳችው ላይ ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣላት ሞቃቱ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻዋን በረጅሙ ፈገግ አለች፤ መስኮቱ ላይ ቲኬት የሚጠይቅ ሽማግሌ ለእሱ መስሎት መልሶ ፈገግ አለላት።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ መናኸሪያው ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሄዱ፤ አዳዳ ሙሚና ምንጣፏን ይዛ ከቢሮው ጀርባ ወዳለችው ጥላ ወጣች። ለነዋል የወሩ፣ ከሶላት የምታርፍበት ቀን ነበር። አዲስ ፕሮግራም ከፈተችና ልክ አክስቷ እንደጻፈችው አድርጋ ስም አወጣችለት። ምን ይበል? ብዙ መልስ መጣላት፤ አንዱን ጻፈችና አጠፋችው፣ ሌላውን ጻፈችና አጠፋችው። ለዚህ ቃል መልስ ይሰጥ ዘንድ ማሽን ማነው? ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር እንዲወርድ አደረገችው። በሕይወቷ ከጻፈችው ሁሉ አጭሩ ነው፤ ሌሎቹ ከሶላት ሳይመለሱ ጨረሰች።

አጎት ዓብዱ ሲመለሱ እህታቸውን ወንበሩ ላይ አገኟት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አልጨረስኩም እኮ» አለች አዳዳ ሙሚና። «ሶላት ነው ያቋረጠኝ።»

«አልሠራም ብሎሽ አልነበር?»

«አንድ ጊዜ አላውቅም ያለን ሰው ትተወዋለህ እንዴ? ይመከራል። እንደገና አላውቅም ካለኝ ያኔ እተወዋለሁ።» ወደ ነዋል አላየችም። ነዋልም ሳጥኗ ላይ ሆና የሻሿን ጫፍ ፈለገች።

ሹፌሮቹ መስኮቱን እንደገና ሞሉት። አዳዳ ሙሚና ከላይ ጀመረች። በአፏ አለች፣ በጣቷ ጻፈች፣ ሰፊውን ቁልፍ ተጫነች። ማሽኑ ምንም አላለም። ጠቋሚዋ ወደሚቀጥለው መስመር ወርዳ ብልጭ ድርግም እያለች ጠበቀች።

«ዝም አለ» አለ ኸይሩ።

«አክብሮ ነዋ» አለች አዳዳ ሙሚና።

አጎት ዓብዱ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩ፤ ነዋልን አዩ፤ እንደገና ስክሪኑን አዩ። «ቅድም አላውቅም አላለም?»

«እኛ ሶላት ላይ ሳለን ተማረ» አለች እህታቸው፤ «ቀጥሎ ‹ምሳሌ› ይላል።» አነበበችው። ምሳሌው ላይ «ገልቺ» የሚል ትእዛዝ፣ አንድ የታርጋ ቁጥርና «ኸይሩ» የሚል ስም ተጽፏል፤ ነዋል ገጹን በጻፈችበት ቀን መስኮቱ ላይ ቆሞ ያስቸገራት እሱ ስለነበር። አዳዳ ሙሚና የተጻፈውን እንደተጻፈ አደረገችው። ማሽኑ ታዘዘ። ከሁሉም ኋላ የደረሰው ኸይሩ፣ በመስኮቱ ሥር ተራ ለመያዝ የሚጠብቁትን ሁሉ አልፎ ሰልፍ ውስጥ ገባ።

ኸይሩ ቀንበጡን ከአፉ አወጣ። «ገለቶሚ አዳዳ» ብሎ አመሰገናት፤ «ማንበብ የመሰለ ነገር የለም።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። ሹፌሮቹ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኹ፤ አንዱ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ፤ ቆርቆሮው በመዳፍ ተደበደበ። ከዚህ በፊት ጥርስ የወለቀው እንዲህ ባለ ቀን ነበር። አጎት ዓብዱ የነዋልን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከልማድ ብዛት እሷም ከሳጥኑ ብድግ አለች። አዳዳ ሙሚና ግን ወረቀቱን አልለቀቀችም። እሷ አንብባ የማትጨርሰው ነገር የለም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ ከስድስተኛ ክፍል መምህሯ በተማረችው ድምፅ፣ እስከ ታች አነበበችው።

«ጉድለቶች» አለች። «ፕሮግራሙ ምሳሌንና እውነትን አይለይም። ምሳሌውን እንዳለ የጻፈ ሰው ኸይሩን ያለ ተራው ያስገባዋል። ኸይሩም አይቃወምም። በባሲ ያስወጡት።»

መስኮቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ነዋል ያንን መስመር አንድ ማታ ብቻዋን እየሳቀች ነበር የጻፈችው፤ ማንም እንደማያነበው እርግጠኛ ስለነበረች አልሰረዘችውም። አሁን ሃያ ሹፌር እየሳቀበት ነው። የሚያስቀው ቦታ ላይ ነው የሳቁት፤ ቀደም ብለው አልሳቁም፣ ዘግይተውም አልሳቁም። ሳጥኗ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አዳዳ ሙሚና «ባሲ» ብላ ጻፈች፤ ኸይሩ ወጣ። ቀጥላ የሚጠብቁትን አንድ በአንድ በገልቺ አስገባች፤ ኸይሩንም በመጨረሻ። «ዋሚ» አለችና ስክሪኑ ላይ የመጣውን ስም ታነብ ጀመር፤ ድምፅዋ ውጭ ስላልተሰማ ነዋል እጇን ዘርግታ የማይኩን ማብሪያ ተጫነችላት። ይህ በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ አጎት ዓብዱም አዩ፤ ግን ቃል አልተናገረችምና ምንም አላሉም። የመጀመሪያው መኪና ወደ ኮምቦልቻ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። አዳዳ ሙሚና አንድም ጊዜ ጣቷን አንስታ «ነዋል፣ ነይማ» አላለችም።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል አጎት ዓብዱ የደረት ኪሳቸውን ቁልፍ ፈቱ። ስልኩን አውጥተው ወደ በሩ ዞር አሉ። «ሸምሱ» አሉ፤ «ደህና ዋልክ? የጠዋቷ ልጅ ትመጣለች። አዎ። ያቺው ነች። እሷን ትተህ ለሌላ እንዳትደውል።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ ስልኩን ኪሳቸው ውስጥ ሲያስተካክሉ ቆዩ።

ነዋል አሁን መናገር ትችላለች። «አጎቴ» አለች ብቻ።

«የጥርስ ሳሙና እዚያ ውድ ነው አሉ» አሏት አጎት ዓብዱ። «ይዘሽ ሂጂ።»

አዳዳ ሙሚና መመሪያውን መልሳ ልትሰቅል ስትል ቆም አለች። «ይሄ አልተሟላም» አለች። «ገልቺ ማብራሪያ አለው፣ ዋሚ ማብራሪያ አለው። የቢስሚላህስ የታለ? ነገ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ምን አይቶ ያውቃል?»

ነዋል ንጹሕ ወረቀት ሳበች። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ በእጇ ጻፈች፤ ሁለቱ ወንድምና እህት በትከሻዋ ላይ ሆነው እያዩ። ስትጨርስ አጎት ዓብዱ ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። «ጉድለቶች የሚለው ባዶ ነው» አሉ።

«ጉድለት የለበትም።»

አጎት ዓብዱ እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰዱ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው፣ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጻፉበትና ማንንም ሳያዩ ለእህታቸው አቀበሏት። አዳዳ ሙሚናም እንደ ልማዷ ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ስም፦ ቢስሚላህ — ሥራ ለመጀመር። አጻጻፍ፦ ለብቻው፣ ከሁሉም በፊት። ማብራሪያ፦ ማሽኑ በበኩሉ ምንም አያደርግም፤ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። የቀረው የማሽኑ ጉዳይ አይደለም። ምሳሌ፦ አዳዳ ሙሚና። ጉድለቶች፦ ነዋል ከነገ ጀምሮ እዚህ የለችም፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

የመጨረሻዋ ቃል ከውጭ ካለው ግንድ ላይ ተመልሳ መጣች። ሞንታርቦው ጠቅላላውን መናኸሪያ ይዞት ነበር፤ ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ፣ ሳምቡሳ ሻጯ ጭልፋዋን አንጠልጥላ፣ ሁሉም ወደ ቆርቆሮው ቤት ዞረው ቆመዋል። ከሰልፉ መጨረሻ ኸይሩ ጥሩምባውን በረጅሙ ነፋ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ሙሚና» አሉ አጎት ዓብዱ ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው እየሳቡ፤ «ማይኩን አጥፊው።»

አዳዳ ሙሚና ሁለቱንም ወረቀት አገላብጣ አየች።

«እሱ እዚህ ላይ አልተጻፈም» አለች።